ስድሳ ቲሸርት ስንት ይመጣል? በእርከን የሚለያይ ዋጋን በፓይተን መደመር

አንድ ጓደኛዬ መርካቶ አካባቢ ቲሸርት ላይ ያትማል። «ዋጋ የምታሰላልኝ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍልኝ» አለኝና አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩለት። በማግስቱ ደንበኛ መጣ። «ስድሳ ፍሬ ስንት ይመጣል?» ጓደኛዬ 60 ብሎ አስገባ። ኮምፒውተሩ 31,150 ብር አለ። ደንበኛው ምንም ሳይናገር ስልኩን አወጣ፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት 450ን አየ፣ በ60 አባዛ። 27,000። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ኮዱ ላይ ስህተት አልነበረም። ቢያንስ ፓይተን፣ ፕሮግራሙን የጻፍኩበት ቋንቋ፣ አንድም ነገር አላጉረመረመም። ችግሩ የተፈጠረው አንዲት ፊደል ሳልጽፍ በፊት ነው። የሱቁ ዋጋ እንዴት እንደሚታሰብ አልጠየቅኩም።

ስለዚህ መመሪያው ከኮምፒውተሩ አይጀምርም።

1. ዋጋው ለሁሉም ነው ወይስ ለየእርከኑ?

ግድግዳው ላይ የተለጠፈው እንዲህ ይመስል ነበር። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ፦

ከ1 እስከ 9 ቲሸርት፣ አንዱ 600 ብር
ከ10 እስከ 49፣ አንዱ 520 ብር
ከ50 እስከ 99፣ አንዱ 450 ብር
100 እና ከዚያ በላይ፣ አንዱ 400 ብር

ይህን ወረቀት ሁለት ዓይነት ማንበብ ይቻላል። አንደኛው የነጋዴ አነባበብ ነው። ስድሳ ከወሰድክ ስድሳውም በ450 ይሰላልሃል፣ አለቀ። 60 በ450፣ 27,000።

ሁለተኛው የእርከን አነባበብ ነው። የመጀመሪያዎቹ 9 ቲሸርቶች በ600፣ ቀጣዮቹ 40 በ520፣ የተረፉት 11 ብቻ በ450። ማለትም 5,400 ሲደመር 20,800 ሲደመር 4,950። ድምሩ 31,150። የእኔ ፕሮግራም ያወጣው ይህንን ነው። ሳምንቱን ሙሉ የደሞዝ ግብር ስሠራ ከርሜ ስለነበር እጄ ለምዶ እርከን በእርከን ደመረ። መርካቶ ግን እንደ ግብር አይሠራም።

ሁለቱም አደማመር ትክክል ነው፤ እያንዳንዱ በቦታው። የጅምላ ሱቅ፣ ማተሚያ ቤት፣ የካርቶን ዕቃ ሻጭ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ይሄዳሉ። የደሞዝ ግብር ደግሞ በሁለተኛው። ስለዚህ ጠይቁ። የምትጠይቁት ሰው «እርከን» ምናምን የሚለው ላይገባው ይችላል። በቁጥር ጠይቁት፦ «ስድሳ ብወስድ በጠቅላላው ስንት እከፍላለሁ?» መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ወደኋላ መፈተኛ ይሆናችኋል።

2. ዕቃችሁን አዘጋጁ

ኮምፒውተር ያለው ሰው ፓይተንን ከራሱ ድረ ገጽ አውርዶ ይጫን። አብሮት የሚመጣው አይድል የሚባለው መጻፊያ ለጀማሪ ይበቃል። ስልክ ብቻ ያለው በአንድሮይድ ላይ ፓይድሮይድ 3ን መሞከር ይችላል። ሁለቱንም መጫን ካልቻላችሁ ጉግል ኮላብ በብሮውዘር ይከፈታል፤ ችግሩ ኢንተርኔት ይፈልጋል።

አሁን አንድ ደስ የሚል ነገር። ፓይተን 3 የተለዋዋጮችን፣ ማለትም ቁጥር ወይም ጽሑፍ የምናስቀምጥባቸውን መያዣዎች፣ ስም በፊደላችን ብትሰይሙ ግድ የለውም። አይድል ላይ እነዚህን ሦስት መስመሮች ጻፉ፦

```
>>> ብዛት = 60
>>> ዋጋ = 450
>>> ብዛት * ዋጋ
27000
```

ይህ ሙሉ በሙሉ የሚሠራ የፓይተን ኮድ ነው። ሦስቱ ቀስት መሰል ምልክቶች የአይድል ናቸው፣ እነሱን አትጽፏቸው።

ደስታው ግን ጣጣ አለው። ፓይተን የእኛን ሞክሼ ፊደሎች አያውቅም። «ሂሳብ» ብላችሁ ሰይማችሁ ታች «ሒሳብ» ብላችሁ ብትጠሩት ኔም ኤረር፣ ማለትም «ይህን ስም አላውቀውም»፣ ይላችኋል። ለእሱ «እርከን» እና «ዕርከን» አንድም ዝምድና የላቸውም። አንድ ጊዜ በመረጣችሁት ፊደል ጽኑ።

የባሰው ሥርዓተ ነጥቡ ነው። የአማርኛ ኪቦርድ ላይ እያላችሁ ሁለት ነጥብ ስትመቱ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የእኛው ሁለት ነጥብ ነው፤ ሲያዩት ከእንግሊዝኛው ጋር መንታ ይመስላል። ፓይተን ግን አይቀበለውም። ነጠላ ሰረዝም እንደዚሁ። የጥቅስ ምልክትም « » ሳይሆን ቀጥ ያለው የእንግሊዝኛው መሆን አለበት። ሲንታክስ ኤረር (የአጻጻፍ ስህተት) አይታችሁ ኮዱ ልክ ከመሰላችሁ መጀመሪያ እነዚህን ሦስቱን ፈትሹ። እኔ አንዲት ሁለት ነጥብ ፍለጋ አንድ ምሽት አቃጥያለሁ። ግዕዝ ቁጥርም አይሆንም። ፷ ብትጽፉለት ስድሳ መሆኑ አይገባውም።

ከዚህ በኋላ የሚመጡትን የፓይተን የራሱን ቃላት እዚህ እንደ ድምፃቸው በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ። እናንተ ስትጽፉ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሁሉንም በትንሹ ፊደል ጻፉ። ኢፍ ማለት አይ፣ ኤፍ። ኤሊፍ ማለት ኢ፣ ኤል፣ አይ፣ ኤፍ፤ አራት ፊደል ብቻ ነው፣ ኤልስ እና ኢፍን አጣብቃችሁ እንዳትጽፉት። ኢንት ማለት አይ፣ ኤን፣ ቲ። ዴፍ ማለት ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ። ኤልስ፣ ፎር፣ ኢን፣ ኤንድ («እና» የሚለው)፣ ፕሪንት፣ ኢንፑት፣ ሪተርን የተለመዱት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። የተለዋዋጮቹን ስም በአማርኛ እንዳለ ተዉት።

3. የነጋዴውን አነባበብ ጻፉ

አይድል ላይ አዲስ ፋይል ክፈቱና ይህን ጻፉ፦

```
ብዛት = ኢንት(ኢንፑት("ስንት ቲሸርት? "))

ኢፍ ብዛት >= 100:
    ዋጋ = 400
ኤሊፍ ብዛት >= 50:
    ዋጋ = 450
ኤሊፍ ብዛት >= 10:
    ዋጋ = 520
ኤልስ:
    ዋጋ = 600

ድምር = ብዛት * ዋጋ
ፕሪንት("ጠቅላላ ዋጋ", ድምር, "ብር")
```

60 አስገቡ። 27000 ካላችሁ ወረቀታችሁ ላይ ካለው ጋር ገጠመ ማለት ነው።

ኢፍ «ይህ ከሆነ»፣ ኤሊፍ «ያ ካልሆነና ይህ ከሆነ»፣ ኤልስ «አለበለዚያ» ማለት ነው። አሁን መስመር በመስመር ሳይሆን፣ ሰው የሚሰናከልበት ላይ ብቻ እንቁም።

ኢንፑት የሚያቀብላችሁ ጽሑፍ ነው፣ ቁጥር አይደለም። ኢንት ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። ኢንትን ከረሳችሁት ፕሮግራሙ ማወዳደሪያው ጋ ሲደርስ ታይፕ ኤረር (የዓይነት ስህተት) ብሎ ይቆማል። ቢቆም ይሻላል። ማወዳደሪያ ባይኖር ኖሮ ጉድ ነበር። አይድል ላይ ይህን ሞክሩት፦

```
>>> "60" * 3
'606060'
```

180 አላላችሁም። ጽሑፉን ሦስት ጊዜ ደገመው። በ450 ብታባዙት ኖሮ 900 አኃዝ ያለው ደረሰኝ ትቆርጡ ነበር።

ከትልቁ ወደ ትንሹ መውረዱን አስተውሉ። ፓይተን ከላይ ጀምሮ ያነባል፤ መጀመሪያ እውነት የሆነው ቅርንጫፍ ውስጥ ይገባና ሌላውን ይዘለዋል። ከታች ጀምራችሁ የ10ን መስመር ከላይ ብታደርጉት 120 ያዘዘ ሰው እዚያው ይያዛል፤ 120 ከ10 ይበልጣላ! 520 ይታሰብበታል፣ 62,400 ብር። ትክክለኛው 48,000 ነው።

ኤሊፍን ትታችሁ ሁሉንም ኢፍ ብታደርጉም ያው ጉዳት ይደርሳል፣ በሌላ መንገድ። 120 ከ100 ይበልጣል፣ ዋጋ 400 ይሆናል። ቀጥሎ ከ50 ይበልጣል፣ 400ው ተሽሮ 450 ይሆናል። ቀጥሎ ከ10 ይበልጣል፣ 520። ፕሮግራሙ ምንም ስህተት አያሳይም። ዝም ብሎ የተሳሳተ ሒሳብ ይሰጣችኋል። ለእኔ ከቀይ ጽሑፍ ይልቅ ይህ ነው የሚያስፈራው።

ሌላው «ይበልጣል» ከሚለው ምልክት ጎን ያለው የእኩል ምልክት ነው። ከ >= ፋንታ > ብቻ ብትጽፉ ልክ 50 ያዘዘ ሰው ከ50 እርከን ውጭ ይቀራል። 22,500 መክፈል ሲገባው 26,000 ይጠየቃል። 51 ላይም 49 ላይም ብትሞክሩት ልክ ነው፤ የሚበላሸው 50 ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ድንበሩ ላይ ፈትኑ፦ 9፣ 10፣ 49፣ 50፣ 99፣ 100። መሐል ያለውን ቁጥር መፈተን ብዙም አይጠቅምም።

4. አሁን ወደ እውነተኛው እርከን

ለሁለተኛው አነባበብ የደሞዝ ግብርን የሚያህል ምሳሌ የለም። ደሞዝ የሚቀበል ሰው ሁሉ ይነካዋል፣ ሠንጠረዡም የታወቀ ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወር ደሞዝ ግብር እንዲህ ነው፦

እስከ 2,000 ብር፣ ነፃ
ከ2,001 እስከ 4,000፣ 15 በመቶ
ከ4,001 እስከ 7,000፣ 20 በመቶ
ከ7,001 እስከ 10,000፣ 25 በመቶ
ከ10,001 እስከ 14,000፣ 30 በመቶ
ከ14,000 በላይ፣ 35 በመቶ

ደሞዙ 12,000 የሆነ ሰው 30 በመቶ እርከን ላይ ነው። ጀማሪ ፕሮግራመር በደረጃ 3 ኮድ ቢሠራው 12,000ን በ30 በመቶ አባዝቶ 3,600 ብር ይቆርጥበታል። ትክክለኛው ግብር ግን 2,250 ነው። በእጅ እንየው። የመጀመሪያው 2,000 ነፃ። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ፣ 300። ቀጣዩ 3,000 በ20፣ 600። ቀጣዩ 3,000 በ25፣ 750። የመጨረሻው 2,000 ብቻ በ30፣ 600። ድምር 2,250።

ይህን አለመለየት ከኮድ ውጭም ሰውን ያሳስታል። «ጭማሪው ወደ ላይኛው እርከን አሻገረኝና ደሞዜ ቀነሰ» የሚል ሰው ቢሮ ውስጥ አይጠፋም። ደሞዙ 10,000 የሆነ ሰው 1,650 ከፍሎ 8,350 ይቀረዋል። 100 ብር ተጨምሮለት 10,100 ቢሆን 30 በመቶ የሚቆረጥበት ያ 100 ብር ብቻ ነው። ግብሩ 1,680፣ የሚቀረው 8,420። ሰባ ብር አተረፈ። ጡረታው ለብቻው የሚቀነስ ነው፣ እዚህ አላስገባሁትም። በተሳሳተው ኮድ ግን ሰውየው ከ7,500 ወደ 7,070 ይወርዳል። ማለትም አንድ ስህተት የጻፈ ፕሮግራመር የቢሮውን ሐሜት እውነት ያደርገዋል ማለት ነው።

ኮዱን እንዲህ አስቡት። ደሞዙ ፎቅ ላይ የቆመ ሰው ነው። ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በየወለሉ ሲደርስ የወረደባትን ያህል በዚያ እርከን መቶኛ ይከፍላል፣ ከዚያ ከዚያው ወለል ይቀጥላል። ዴፍ ለስሌቱ ስም ያወጣለታል፤ በስሙ ስንጠራው ሪተርን መልሱን ያቀብለናል። ፎር ደግሞ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ያዳርሳል።

```
እርከኖች = [(14000, 35), (10000, 30), (7000, 25),
         (4000, 20), (2000, 15), (0, 0)]

ዴፍ ግብር(ደሞዝ):
    ሳንቲም = 0
    ቀሪ = ደሞዝ
    ፎር ወለል, መቶኛ ኢን እርከኖች:
        ኢፍ ቀሪ > ወለል:
            ሳንቲም = ሳንቲም + (ቀሪ - ወለል) * መቶኛ
            ቀሪ = ወለል
    ሪተርን ሳንቲም
```

12,000ን ይዘን እንውረድ። 14,000 ወለል? አይደርስም፣ ይዘለላል። 10,000 ወለል? ይበልጣል። ልዩነቱ 2,000፣ በ30 ሲባዛ 60,000። ቀሪው አሁን 10,000 ሆነ። 7,000 ወለል? ልዩነቱ 3,000፣ በ25፣ 75,000። ቀሪው 7,000። ከዚያ 60,000፣ ከዚያ 30,000፣ መጨረሻ ላይ በዜሮ ተባዝቶ ዜሮ። ድምሩ 225,000።

«ሁለት መቶ ሃያ አምስት ሺህ ግብር?» አትደንግጡ። ሳንቲም ነው። የአንድ ብር አንድ በመቶ ማለት አንድ ሳንቲም አይደል? ስለዚህ ብርን በመቶኛው ቁጥር አባዝታችሁ በ100 ካላካፈላችሁ የምታገኙት በቀጥታ ሳንቲም ነው። ለዚህ ነው ተለዋዋጩን «ሳንቲም» ያልኩት።

ለምን ወዲያው በ100 አላካፈልኩም? ወይ 0.15 ብዬ አልጻፍኩም? ይህን ሞክሩ፦

```
>>> 0.1 + 0.2
0.30000000000000004
```

ኮምፒውተር ነጥብ ያለውን ቁጥር በ0 እና በ1 ብቻ ጽፎ ስለሚይዝ ጭራው ላይ ትንሽ ይንሸራተታል። የአንድ ሰው ደሞዝ ላይ አይታይም። የሦስት መቶ ሠራተኛ ፔሮል (የደሞዝ ዝርዝር) ደምራችሁ ከባንኩ ጋር ስታመሳክሩ ግን አንዲት ሳንቲም አልገጥም ብላ ልታስመሻችሁ ትችላለች። ሙሉ ቁጥር ላይ ከቆያችሁ ይህ ጣጣ የለም። ብር እና ሳንቲሙን የምትለዩት መጨረሻ ላይ፣ ስታትሙ ብቻ፦

```
ሒሳብ = ግብር(12345)
ፕሪንት(ሒሳብ // 100, "ብር ከ", ሒሳብ % 100, "ሳንቲም")
```

ይህ 2353 ብር ከ 50 ሳንቲም ይላል። ሁለቱ ያዘመሙ ሰረዞች ሙሉውን ብር ያወጣሉ፣ የመቶኛው ምልክት ደግሞ የተረፈውን። የመቶኛ ምልክት ፓይተን ውስጥ መቶኛ ማለት አይደለም፤ ቀሪ ማለት ነው። ማን እንደመረጠው እንጃ፣ ለጀማሪ ግን ክፉ ምርጫ ነው።

ደሞዙ ራሱ ሳንቲም ያለው ከሆነ ይህ ብልሃት ብቻውን አይበቃም። ያኔ ዴሲማል የሚባለውን የፓይተን መሣሪያ ተማሩ። አሁን እሱ ውስጥ አልገባም።

ሠንጠረዡን ከዴፍ ውጭ፣ ለብቻው ማስቀመጤ ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ይሠራበት የነበረው ሠንጠረዥ ሰባት እርከን ነበረው። ነፃው 600 ብር ድረስ ብቻ ነበር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከ10,900 ይጀምር ነበር። በእሱ ለማስላት የምትቀይሩት ዝርዝሩን ብቻ ነው፦

```
እርከኖች = [(10900, 35), (7800, 30), (5250, 25), (3200, 20),
         (1650, 15), (600, 10), (0, 0)]
```

ዴፍ ውስጥ አንድ ነጥብ አይነካም። 12,000ን አስገቡ፣ 270,000 ሳንቲም፣ ማለትም 2,700 ብር ይመጣል። የድሮው ከአዲሱ በ450 ብር ይበልጣል። ቁጥሮቹን ኢፍ እና ኤሊፍ ውስጥ ቀብሮ የጻፈ ሰው ግን ሕጉ በተቀየረ ቁጥር ኮዱን እንደገና ማረስ አለበት።

5. የሒሳብ ሠራተኛዋን ዘዴ ለመፈተኛ ተዋሱ

የፋይናንስ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው እስካሁን ፈገግ እያለ ይሆናል። እነሱ እርከን በእርከን አይወርዱም። ደሞዙን በመጨረሻው እርከን መቶኛ በሙሉ ያባዙና አንድ ቋሚ ቁጥር ይቀንሳሉ፣ «ተቀናሽ» የሚሉትን። ለ15 በመቶ 300፣ ለ20 በመቶ 500፣ ለ25 በመቶ 850፣ ለ30 በመቶ 1,350፣ ለ35 በመቶ 2,050። 12,000 በ30 በመቶ 3,600፣ ሲቀነስ 1,350፣ 2,250። ገጠመ።

ቁጥሮቹ ከየት መጡ? 15 በመቶ ላይ ስትሆኑ ነፃ የሆነውን 2,000 ጭምር በ15 አባዝታችኋል። ያ 300 ትርፍ ነው፣ ይመለሳል። 20 በመቶ ላይ ስትደርሱ ከታች ያለው 4,000 በሙሉ በ5 በመቶ አላግባብ ተባዝቷል። ያ 200 ነው፣ ከ300 ጋር 500። ቀጥሎ የ7,000 አምስት በመቶ፣ 350፣ ጠቅላላ 850። የ10,000 አምስት በመቶ 500፣ 1,350። የ14,000 አምስት በመቶ 700፣ 2,050። ተሸምድዶ የሚያዘው ቁጥር እንዲህ ሆኖ ነው የተወለደው።

ሁለት መንገድ አንድ መልስ ላይ ሲደርሱ ኮዳችሁን ማመን ትችላላችሁ። ድንበሮቹን ሞክሩ። 2,000 ላይ 0 ብር፣ 4,000 ላይ 300፣ 7,000 ላይ 900፣ 10,000 ላይ 1,650፣ 14,000 ላይ 2,850 መምጣት አለበት።

እዚህ ጋ አንድ የሚገርም ነገር ታያላችሁ። 14,000ን በ30 በመቶ አባዝታችሁ 1,350 ቀንሱ፣ 2,850። በ35 አባዝታችሁ 2,050 ቀንሱ፣ ያው 2,850። በእውነተኛ እርከን ድንበሩ ላይ ዝላይ የለም። ስለዚህ ግብሩ ኮድ ውስጥ > ብትጽፉም >= ብትጽፉም መልሱ አይለወጥም። ቲሸርቱ ላይ ግን ያቺ የእኩል ምልክት 3,500 ብር ታወጣ ነበር። ስለዚህ የማታውቁት የዋጋ ሠንጠረዥ ሲመጣባችሁ ድንበሩ ላይ ያለውን ቁጥርና ከሥሩ ያለውን ጠይቁ። ድምሩ በአንዴ ዱብ ካለ፣ ነጋዴ ነው።

6. ዱብ የሚለውን ዋጋ ለደንበኛው ንገሩት

ዱብ የሚል ዋጋ ካለ ደግሞ አስቂኝ ነገር ይፈጠራል። 9 ቲሸርት 5,400 ብር ነው። 10 ቲሸርት 5,200። ዘጠኝ የሚገዛ ሰው አንድ ቲሸርት ጥሎ፣ በላዩ 200 ብር መርቆ እየሄደ ነው። 44 ቲሸርት 22,880፣ 50 ቲሸርት ግን 22,500። ከ44 እስከ 49 ያዘዘ ሁሉ 50 ቢል ይረክስለታል። ከ89 እስከ 99 ያዘዘም 100 ቢል እንደዚያው። ጎበዝ ነጋዴ ይህን በቃሉ ያውቀዋል፤ «ሃምሳ ያድርጉት» የሚለው ለዚህ ነው።

ፕሮግራሙም ሊለው ይችላል። መጀመሪያ የደረጃ 3ን ኮድ ዴፍ ውስጥ አስገቡት፦

```
ዴፍ ጠቅላላ(ብዛት):
    ኢፍ ብዛት >= 100:
        ሪተርን ብዛት * 400
    ኤሊፍ ብዛት >= 50:
        ሪተርን ብዛት * 450
    ኤሊፍ ብዛት >= 10:
        ሪተርን ብዛት * 520
    ኤልስ:
        ሪተርን ብዛት * 600
```

ከዚያ ከሥሩ፣ ወደ ውስጥ ሳትገቡ፣ ከመስመሩ መጀመሪያ፦

```
ብዛት = ኢንት(ኢንፑት("ስንት ቲሸርት? "))
ፕሪንት(ብዛት, "ቲሸርት", ጠቅላላ(ብዛት), "ብር")

ፎር መነሻ ኢን [10, 50, 100]:
    ኢፍ ብዛት < መነሻ ኤንድ ጠቅላላ(መነሻ) < ጠቅላላ(ብዛት):
        ፕሪንት(መነሻ, "ቢያደርጉት", ጠቅላላ(መነሻ), "ብር ብቻ")
```

ነገሩ ቀላል ነው። ከታዘዘው በላይ ያሉትን የእርከን መነሻዎች አንድ በአንድ ያያል። የሚበልጠው ብዛት በጠቅላላ ከሚያንሰው ከረከሰ ይናገራል። ዴፍ ባንሠራ ኖሮ ያንን ሁሉ ኢፍ እና ኤሊፍ ለእያንዳንዱ መነሻ እንደገና መጻፍ ነበረብን።

ጓደኛዬ ጋ ወስጄ የጫንኩለት ቀን 46 አስገባ፦

```
ስንት ቲሸርት? 46
46 ቲሸርት 23920 ብር
50 ቢያደርጉት 22500 ብር ብቻ
```

ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ «የመጨረሻዋን መስመር ደንበኛው በማያይበት በኩል አድርጋት» አለኝ።